ባይት እንዴት ድምፅ ይሆናል? ከቪዲዮ ጨዋታ የድምፅ ፋይሎችን ስለ ማውጣትና ስለ መለወጥ

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።



የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ተማሪ ሳለሁ ዱም ከተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ድምፆቹን እያወጣ ወደ ተለመደው የዌቭ ፋይል የሚለውጥ አጭር ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የጠመንጃው ተኩስ፣ የበሩ መከፈት፣ የጭራቆቹ ጩኸት ሁሉም እንደማውቃቸው ሆነው ተሰሙኝ። አንዱ ድምፅ ብቻ ዝግ ያለና ወፈር ያለ ነበር። ይህ ድምፅ ተጫዋቹ ያነሣው ዕቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ በቦታው ሲገኝ የሚሰማ ነው፤ የሚሰማውም ብዙ ሰዎች በኔትወርክ ተገናኝተው እርስ በርስ ሲፋለሙ፣ ያውም በአንድ ዓይነት የፍልሚያ ደንብ ብቻ ነው። እኔ ግን ጨዋታውን የማውቀው ብቻዬን በመጫወት ስለ ነበር ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ አፈጣጠሩ እንዲህ ይሆናል ብዬ ተቀበልሁት፤ ፋይሉንም ለጓደኞቼ አደልሁ።

ስሕተቱን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ድምፁ ሊሰማ ከሚገባው ፍጥነት በግማሽ ቀንሶ፣ በአንድ ኦክታቭም ዝቅ ብሎ ይሰማ ነበር። ፕሮግራሜ በሥራ ላይ ሳለ አልቆመም፤ የስሕተት መልእክትም አላሳየም። ድምፅ ሰጠኝ፤ የሰጠኝ ድምፅ ግን ሐሰት ነበር።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር ከዚህ የሚነሣ ነው። ከፋይል ውስጥ ድምፅን ማውጣት እንደ መቅዳት ያለ ሥራ ሳይሆን የንባብ ሥራ ነው። ባይቶች በራሳቸው ቁጥሮች እንጂ ድምፅ አይደሉም። ድምፅ የሚሆኑት እንዴት መነበብ እንዳለባቸው የሚናገር መግለጫ አብሯቸው ሲኖር ነው። መግለጫው ከጠፋ ወይም ቸል ከተባለ፣ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ቢተርፍም ድምፁ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ዱም ለምን ተመረጠ?

ዱም በአሜሪካው ኢድ ሶፍትዌር ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1993 የወጣ ጨዋታ ነው። ለዛሬው ትምህርታችን የመረጥሁት በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ የፋይሎቹ አደረጃጀት ቀላልና በሚገባ የተጠና በመሆኑ በአንድ ንግግር ከዳር እስከ ዳር ሊብራራ ይችላል። ሁለተኛ፣ የጨዋታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ያለ ክፍያ እንዲሰራጭ የተፈቀደ ስለ ነበር ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው ሊመረምሩት ይችላሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይልቅ ከርእሳችን ጋር የተያያዘ ነው። ኢድ ሶፍትዌር የጨዋታውን ምንጭ ኮድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ለሕዝብ ሲለቅ፣ የለቀቀው ለዶስ የተጻፈውን ሳይሆን ለሊኑክስ የተዘጋጀውን ቅጂ ነበር። ምክንያቱም የዶሱ ቅጂ ድምፅ የሚያሰማው ዲኤምኤክስ በተባለ፣ ፖል ራዴክ በጻፈውና ኩባንያው በፈቃድ ብቻ በሚጠቀምበት የሌላ ሰው ሶፍትዌር ነበር። የጨዋታው ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ከኮዱ ጋር አያይዞ ባወጣው ማስታወሻ፣ የሰው የድምፅ ኮድ መጠቀማቸው ስሕተት እንደ ነበር ገልጿል። እንግዲህ የጨዋታው አካል ለሕዝብ ሲደርስ፣ በመጀመሪያው ቅጂ ድምፁን ያሰማ የነበረው ክፍል ቀርቷል። ዛሬ ያንን ድምፅ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች በትክክል መስማት የምንችለው፣ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ቅርጸቶቹን ባይት በባይት መርምረው መግለጫቸውን ስለ ጻፉልን ነው።

ጥቅሉን መፍታት

የዱም ሥዕሎች፣ ካርታዎች፣ ድምፆችና ሙዚቃዎች ሁሉ በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ተጠቅልለው ይገኛሉ። ይህ ፋይል ዋድ ይባላል። እኛ ጥቅል ብንለው፣ በውስጡ ያሉትንም እያንዳንዳቸውን እሽግ ብንላቸው ይስማማል።

ጥቅሉ በ12 ባይት ራስጌ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች የጥቅሉን ዓይነት የሚያመለክቱ ፊደላት ናቸው። ቀጣዮቹ 4 በውስጡ ስንት እሽግ እንዳለ፣ የመጨረሻዎቹ 4 ደግሞ ማውጫው ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር ይናገራሉ። ማውጫው ለእያንዳንዱ እሽግ 16 ባይት ይመድባል፦ 4 ባይት እሽጉ ለሚጀምርበት ቦታ፣ 4 ባይት ለርዝመቱ፣ 8 ባይት ለስሙ።

በቁጥር እንየው። በነፃ የሚሰራጨው ቅጂ የመጨረሻ እትም፣ ማለትም እትም 1.9፣ ጥቅል ፋይሉ 4,196,020 ባይት ነው። በውስጡ 1,264 እሽጎች አሉ። ለእያንዳንዱ 16 ባይት ከተመደበ ማውጫው 20,224 ባይት ይይዛል። ማውጫው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ይህን ከጠቅላላው ርዝመት ስንቀንስ 4,175,796 እናገኛለን። በራስጌው የመጨረሻ 4 ባይቶች ላይ ተጽፎ የምናገኘውም ይኸው ቁጥር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲገጥሙ፣ መግለጫችን ትክክል እንደ ሆነ ፋይሉ ራሱ መሰከረልን ማለት ነው። ተማሪዎቼ ምንም ዓይነት ፋይል ሲከፍቱ እንዲህ ያለውን ማመሳከሪያ አስቀድመው እንዲፈልጉ እመክራለሁ።

ድምፆቹን ከሌሎቹ እሽጎች የምንለየው በስማቸው ነው። የተቀዱ ድምፆች ስም "ዲ" እና "ኤስ" በሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። "ዲ" እና "ፒ" ብለው የሚጀምሩት ደግሞ የድምፅ ካርድ ለሌላቸው ኮምፒውተሮች የተዘጋጁ የእነዚሁ ድምፆች አቻዎች ናቸው፤ በኮምፒውተሩ የውስጥ ማጉያ በሰከንድ 140 ጊዜ በሚለዋወጥ ጩኸት ይሰማሉ። የሙዚቃ እሽጎች "ዲ" ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የግርጌ መስመር አላቸው።

የተቀዳው ድምፅ

አንድ የድምፅ እሽግ ስንከፍት በመጀመሪያ የምናገኘው የ8 ባይት ራስጌ ነው። ሁለቱ ባይቶች የቅርጸቱን ቁጥር ይይዛሉ፤ ለተቀዳ ድምፅ ይህ ቁጥር 3 ነው። ቀጣዮቹ ሁለቱ የናሙናውን ፍጥነት፣ የቀሩት አራቱ የናሙናዎቹን ብዛት ይናገራሉ።

የናሙና ፍጥነት ማለት የድምፁ ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተለክቶ እንደ ተመዘገበ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በአብዛኞቹ የዱም ድምፆች ላይ በዚህ ቦታ የምናገኛቸው ባይቶች 17 እና 43 ናቸው። በዚህ ቅርጸት አነስተኛውን ዋጋ የያዘው ባይት ስለሚቀድም፣ ሁለተኛውን በ256 አባዝተን የመጀመሪያውን እንደምራለን፦ 43 ጊዜ 256 ሲደመር 17፣ 11,025 ይሆናል። እያንዳንዱ ናሙና በአንድ ባይት ስለሚጻፍም የአንድ ሰከንድ ድምፅ 11,025 ባይት ብቻ ይፈጃል። በሙዚቃ ሲዲ ላይ ያለ የአንድ ሰከንድ ድምፅ 176,400 ባይት፣ ማለትም 16 እጥፍ ይፈጃል። የዱም ድምፆች ሻከር ብለው የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። በሰከንድ 11,025 ጊዜ የተለካ ድምፅ ከ5,512 ሄርዝ በላይ ያለውን ቀጭን የድምፅ ክፍል ሊይዝ አይችልም፤ የአንድ ባይት ናሙናም ከ256 ደረጃዎች በላይ አይለይም።

በመግቢያዬ ያነሣሁት ድምፅ ግን በዚያ ቦታ የያዘው 34 እና 86 ነው። 86 ጊዜ 256 ሲደመር 34፣ 22,050 ይሆናል። ፋይሉ እውነቱን በሁለት ባይት ጽፎልኝ ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ድምፆች ካየሁ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ብዬ 11,025 የሚለውን ቁጥር በፕሮግራሜ ውስጥ በቋሚነት ጻፍሁት።

ሁለተኛ ወጥመድም አለ። የናሙናዎቹን ብዛት የሚናገረው ቁጥር ከፊትና ከኋላ የታከሉ 16፣ 16 ባይቶችን ጨምሮ ይቆጥራል። እነዚህ 32 ባይቶች ለዲኤምኤክስ አሠራር የተጨመሩ እንጂ የድምፁ አካል ስላልሆኑ፣ በሚወጣው ፋይል ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ወደ ዌቭ መለወጥ

ይህን ከተረዳን ልወጣው ቀላል ነው። ተራ የዌቭ ፋይል በ44 ባይት ራስጌ ይጀምራል፤ በዚያም የናሙናው ፍጥነት፣ የድምፅ መስመሮች ብዛት፣ ለአንድ ናሙና የሚያስፈልገው የቢት መጠንና የመረጃው ርዝመት ይጻፋል። በዌቭ ደንብ የአንድ ባይት ናሙና ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፤ ጸጥታውም 128 ላይ ነው። የዱምም አጻጻፍ እንዲሁ በመሆኑ ናሙናዎቹ አንዳችም ሳይነኩ ይሻገራሉ። የሚለወጠው ራስጌው ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ናሙናዎቹን አሉታዊና አዎንታዊ ቁጥሮች አድርጎ ካነበባቸው ግን ጸጥታው ሳይቀር ወደ ከባድ ጉርምርምታ ይለወጣል።

ወደ ኤም ፒ 3 መለወጥ የተለየ ነገር ነው። ይህ ቅርጸት ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አያስተውላቸውም ብሎ የገመታቸውን የድምፅ ክፍሎች በመጣል ነው፤ የተጣለውም አይመለስም። ለማዳመጥ ቢጠቅምም ለቤተ መዛግብት ቅጂ አይሆንም። ቦታ ለመቆጠብ የሚሻ ሰው ፍላክ የተባለውንና አንዲት ናሙና ሳይጥል የሚጨምቀውን ቅርጸት ቢመርጥ ይሻላል።

ሙዚቃው ግን ድምፅ አይደለም

ቦቢ ፕሪንስ የደረሳቸውን የዱም ሙዚቃዎች ለማውጣት የሚሞክር ሰው ያልጠበቀው ነገር ያጋጥመዋል። በሙዚቃ እሽጎቹ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ የለም። ያለው የትእዛዝ ዝርዝር ነው፦ በዚህ መስመር ይህን ኖታ ጀምር፣ ይህን ያህል ጠብቅ፣ ኖታውን አቁም። ቅርጸቱ ሙስ ይባላል፤ ሚዲ ለተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ቦታ ለመቆጠብ የተቀነሰ ነው። ጊዜውን በሰከንድ በ140 ምት ይቆጥራል። የኖታው ጉልበት ከቀደመው ኖታ ካልተለየ ጨርሶ አይጽፈውም። የከበሮውን መስመር በመጨረሻው፣ ማለትም በ16ኛው መስመር ላይ ያስቀምጣል፤ ሚዲ ግን ለከበሮ የመደበው 10ኛውን ነው። ይህን ያላስተዋለ ለዋጭ ፕሮግራም የከበሮውን ምት ለሌላ የዜማ መሣሪያ ይሰጠዋል።

በአገራችን የዜማ ትምህርት ያለፉ ሰዎች ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገሩም። ከቃሉ በላይ የሚሰፈረው የድጓ ምልክት ዜማውን ለሚያውቅ መሪጌታ ይናገራል፤ ለማያውቀው ግን ዝም ይላል። ምልክቱ ዜማውን የሚያስታውስ እንጂ ራሱ ዜማ አይደለም። የሙስ ፋይልም እንዲሁ የሚያዜምለት ይፈልጋል።

በ1990ዎቹ ውስጥ ያ አዚያሚ የድምፅ ካርድ ነበር። አድሊብ ወይም ሳውንድ ብላስተር ካርድ በነበራቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሙዚቃውን ያሰማ የነበረው፣ ያማሃ የሠራው ኦፒኤል የተባለ የድምፅ ቺፕ ነው። ለዚህም ሲባል በጥቅሉ ውስጥ 175 የመሣሪያ ድምፆችን እንዴት ማመንጨት እንደሚቻል የሚገልጽ ሌላ እሽግ አለ፦ 128 ለዜማ፣ 47 ለከበሮና ለመሳሰሉት። እንደ ሮላንድ ሳውንድ ካንቫስ ያለ ውድ መሣሪያ የነበረው ሰው ግን ያንኑ ሙዚቃ በእጅጉ በተለየ ድምፅ ይሰማው ነበር።

ታዲያ የዱምን ሙዚቃ ወደ ዌቭ ስንለውጥ የትኛውን እንቅዳ? ለዚህ ጥያቄ ፋይሉ መልስ የለውም። ወደ ሚዲ መለወጥ ትእዛዙን ወደ ሌላ አጻጻፍ መገልበጥ ነው። ወደ ዌቭ መለወጥ ግን አንድን ትርጓሜ መርጦ መቅዳት ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ የተደረገው ምርጫ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የኋላ ተመራማሪ አንዱን ትርጓሜ እንደ መጀመሪያው ቅጂ ይወስደዋል።

በኋላ ዘመን ጨዋታዎች

ከዱም በኋላ የመጡ ጨዋታዎች ጉዳዩን አወሳስበውታል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 28 ናሙናዎችን በ16 ባይት አጭቆ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ጭብጥ ላይም ድምፁ ወደ ኋላ ተመልሶ መደገም እንዳለበት የሚናገር ምልክት ሊኖር ይችላል። ተራ የዌቭ ልወጣ ይህን ምልክት ስለሚጥለው፣ በጨዋታው ውስጥ ያለ ማቋረጥ ይፈስ የነበረ ዜማ መጨረሻ ያለው ይሆናል። ዛሬ ብዙ ጨዋታዎች ዋይዝ ወይም ኤፍሞድ የተባሉ የድምፅ ሥርዓቶችን ይጠቀማሉ። በዋይዝ የተዘጋጁ ድምፆች ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ሲወጡ የሚገኙት በቁጥር መለያ ብቻ ነው። ቪጂኤም ስትሪም የተባለው ነፃ ፕሮግራም እጅግ ብዙ የጨዋታ ቅርጸቶችን ያነባል፤ ኾኖም ስም የሌለው ድምፅ በየትኛው ትዕይንት፣ ለምን እንደሚሰማ ሊነግረን አይችልም። በዱም ዘመን የ8 ፊደላት ስም ምን ያህል ሀብት እንደ ነበር የምንገነዘበው በዚህ ጊዜ ነው።

ምን እናስቀምጥ?

ከተነገረው ሁሉ አራት ምክሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ዋናውን ፋይል ሳይነካ ማስቀመጥና እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጠውን የሀሽ ቁጥር መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ የተለወጠውን ቅጂ ናሙና በማይጥል ቅርጸት፣ ከመጀመሪያው ስሙ ጋር ማኖር ነው። ሦስተኛው፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው እትም፣ በምን ምርጫ እንደ ተለወጠ መጻፍ ነው። አራተኛው፣ ቅርጸቱ እንዴት እንደሚነበብ በሰው ቋንቋ ማብራራት ነው። ፕሮግራም ከስርዓተ ክወናው ጋር ያረጃል፤ በግልጽ የተጻፈ መግለጫ ካለ ግን ሌላ ሰው ፕሮግራሙን እንደ ገና ሊጽፈው ይችላል።

የመብት ጉዳይም አለ። የዱም ምንጭ ኮድ በነፃ ፈቃድ መለቀቁ ድምፆቹንና ሙዚቃውን ነፃ አላደረጋቸውም። ፍሪዱም የተባለው ፕሮጀክት ድምፆቹንና ሥዕሎቹን ሁሉ በአዲስ ለመተካት የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራዎችንና የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ይጠብቃል። አንድን ቅርጸት ማጥናት አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ሥራ አውጥቶ ማሰራጨት ሌላ ነው። በተማሪነቴ ፋይሎቹን ለጓደኞቼ ስሰጥ ይህን ልዩነትም አላሰብሁበትም ነበር።

ከጥያቄና መልስ ክፍል

ጥያቄ፦ መግለጫው የሌለን፣ የማይታወቅ ቅርጸት ቢያጋጥመን ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከመጀመሪያዎቹ ባይቶች ጀምሩ። ብዙ ቅርጸቶች ራሳቸውን በአራት ፊደላት ያስተዋውቃሉ፤ በማይታወቅ ጥቅል ውስጥም የታወቀ የዌቭ ወይም የኦግ ፋይል ሳይለወጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን እንደ ጥሬ መረጃ አስገብታችሁ የናሙናውን ፍጥነትና የቢት መጠን እየለዋወጣችሁ አድምጡ። ነገር ግን ጆሯችሁ የተቀበለውን ሁሉ አትመኑ፤ የእኔ ጆሮ ምን እንደ ተቀበለ ነግሬያችኋለሁ። ግምታችሁን የሚያረጋግጥ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ድምፅ ነው። ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ቀደምት ፎንቶች የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ያልገጠሙት ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን? የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የመጻሕፍት ረቂቆች በየመሥሪያ ቤቱና በየግለሰቡ ዲስክ ላይ ይገኛሉ። ባይቶቹ አልጠፉም፤ የጠፋው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ ነው። በዱም ፋይል ላይ የተለማመደ ተማሪ ያንን ሠንጠረዥ መልሶ ሊሠራ ይችላል። ይህን ሥራ የሚጀምር ተማሪ ካለ፣ ቢሮዬ ክፍት ነው።